ዱም ዱሙን ማን ይተቸው?

በርሊን ውስጥ፣ ድሮ የኃይል ማመንጫ በነበረ ግዙፍ የኮንክሪት ሕንፃ፣ በርግሃይን የሚባል የጭፈራ ቤት አለ። ይህ ቤት ከግብር መሥሪያ ቤት ጋር የተሟገተበት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የሒሳብ ሠራተኞች ጭቅጭቅ ይመስላል፤ ከመግቢያው ዋጋ ላይ የሚታሰበው ተጨማሪ እሴት ታክስ 19 በመቶ ነው ወይስ 7 በመቶ? የጀርመን ሕግ ለቲያትርና ለኮንሰርት ዝቅተኛውን ያስከፍላል፤ ተራ መዝናኛ ግን ሙሉውን ይከፍላል። እንግዲህ ዳኞቹ ቁጥሩን ከመወሰናቸው በፊት ሌላ ነገር መወሰን ነበረባቸው። ዲጄው እዚያ ቆሞ የሚሠራው ሥራ የሙዚቃ ትርዒት ነው ወይስ የመጠጥ ማድመቂያ?

በ2016 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የበርሊንና ብራንደንቡርግ የፋይናንስ ፍርድ ቤት ለጭፈራ ቤቱ ፈረደለት። በ2020 የፌዴራሉ የግብር ፍርድ ቤት ስለ ቴክኖና ሃውስ በቀረበለት ተመሳሳይ ጉዳይ ላይ፣ ዲጄ የሌላ ሰው ሸክላ የሚያጫውት ብቻ ሳይሆን ማጫወቻውንና መቀላቀያውን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ተጠቅሞ የራሱ ባሕርይ ያለው አዲስ ድምፅ የሚፈጥር ሙዚቀኛ ሊሆን ይችላል አለ። በ2021 የጀርመን ፓርላማ የሙዚቃ ክለቦች ከመዝናኛ ቤት ተራ ወጥተው ከባህል ተቋማት ተራ እንዲመደቡ ድምፅ ሰጠ። በ2024 ደግሞ የበርሊን ቴክኖ በአገሪቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ይህን ዜና የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ምሁር፣ ዋሽንግተን ይኑር ወይ አዲስ አበባ፣ ፈገግ ይላል። የፈገግታው ትርጉም የታወቀ ነው፤ ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ የሚያደርገው አያጣም። ያው ምሁር ስለ አንድ ልብ ወለድ ሃያ ገጽ ይጽፋል፤ ስለ አንድ ዘፈን ስንኝ እስከ እኩለ ሌሊት ይከራከራል። ልጁ ቀኑን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማውን ሙዚቃ ግን «ዱም ዱም» ብሎ ያልፈዋል። በአማርኛ ስለ ኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሙዚቃ የተባለው አብዛኛው ነገር ቢጨመቅ ከእነዚህ ሁለት ቃላት ብዙም አይተርፍም።

ጀርመኖቹ ዳኞች ጥበብን የማወቅ ግዴታ አልነበረባቸውም፤ ግብር ነው ያዩት። የእነርሱ ማኅተም አንድን ነገር ጥበብ አያደርገውም፤ ቢከለክሉትም ከጥበብነቱ አያወርዱትም። ነገር ግን አንድ የሚያስቀና ነገር አድርገዋል። ሰውየው በእጁ ምን እንደሚሠራ ጠይቀዋል፤ ሰዉስ ወደዚያ ቤት የሚሄደው ምን ፈልጎ ነው ብለዋል። አማርኛ ሐያሲ ይህን ጥያቄ እስካሁን ከልቡ አልጠየቀም። ያልጠየቀበት ምክንያት ደግሞ ከሙዚቃው ይልቅ ስለ ሐያሲው ብዙ ይናገራል።

መጀመሪያ የሚነሣው ማሽኑ ነው። «የሰው እጅ የሌለበት ሙዚቃ» የሚለው ክስ ከሐበሻ አፍ ሲወጣ ልዩ ቀልድ አለው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን የሙዚቃ ሕይወት ካዳከመውና በትንፋሽ መሣሪያ የታጀቡት ትልልቅ ባንዶች ቦታቸውን ለኪቦርድ ከለቀቁ ወዲህ፣ አማርኛ ዘፈን በአብዛኛው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። ከበሮው ከማሽን፣ ቤዙ ከኪቦርድ፣ አንዳንዴም ማሲንቆው ራሱ ከዚያው ከኪቦርድ ይወጣል። በስደት አገር ሠርግ ላይ አንድ ሰው ኦርጋን ፊት ቆሞ፣ አንድ ሰው ማይክ ጨብጦ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሲያስጨፍሩ ያላየ የለም። በዚያ ኦርጋን የታጀበ ትዝታ እየሰማ እንባውን የሚጠርግ ሰው፣ ማሽን ነፍስ የለውም ብሎ ሲፈርድ፣ ያለቀሰው በምን እንደሆነ ረስቷል ማለት ነው።

የካሴት ሽፋኖችን ያስታወሰ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የዘፋኙ ፎቶ በትልቁ ይወጣል፤ ግጥምና ዜማ በመካከለኛ ፊደል ይጻፋል፤ «ቅንብር» ከታች በደቃቁ። ሙዚቃውን ሙዚቃ ያደረገው ሰው በአጉሊ መነጽር ነው የሚገኘው። ኤልያስ መልካ በ2019 ሲያርፍ ብዙ ተጻፈለት፤ ተገቢም ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ሐዘን ውስጥ ሰውየው ከበሮውን የት ላይ እንዳስገባ፣ የት ላይ እንደቀነሰ፣ ቤዙ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ምን እንደሚነጋገር የሚያስረዳ ስንት አንቀጽ ተገኘ? ስለ ደግነቱና ስለ ትሕትናው ተጻፈ። የደራሲ አስከሬን ላይ ቆሞ ስለ ድርሰቱ አንድም ነገር ሳይናገሩ ጨዋነቱን ብቻ ማውሳት እንደማለት ነው።

እውነቱ፣ አማርኛ የሙዚቃ ሂስ የግጥም ሂስ ነው። ይህ ከቅኔው ቤት የመጣ ኩሩ ልማድ ነው፤ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ማውጣት ትልቅ ችሎታ መሆኑን የሚክድ የለም። ችግሩ፣ በዚህ ብቻ የሠለጠነ ጆሮ ቃሉ ሲጠፋበት ሙዚቃውም የጠፋ ይመስለዋል። ቃል አልባ ሙዚቃ ለሬዲዮ መሸጋገሪያ፣ ለዜና ማድመቂያ፣ እንግዳ እስኪገባ ድረስ ለአዳራሽ ማሞቂያ ነው የሚፈለገው። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ሳይቀር ለብዙ አድማጭ እንዲህ ያለ መሸጋገሪያ ነበር። በ1998 የኢትዮፒክስ አራተኛ ቅጽ ወጥቶ፣ በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለ ፊልሙ ውስጥ ሲያስገባው ነው ብዙ ሰው ዘወር ብሎ የሰማው።

ቃል የሌለው የጭፈራ ሙዚቃ ማሰብ አይችልም የሚል ካለ ዲትሮይትን ይይ። የመኪና ፋብሪካዎቿ እየተዘጉ፣ ሕዝቧ እየለቀቃት በነበረበት ጊዜ፣ ከከተማዋ ወጣ ባለችው ቤልቪል በተማሪነት የተዋወቁት ጁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳንደርሰን የተባሉ ጥቁር ወጣቶች በ1980ዎቹ ቴክኖን ፈጠሩ። ስሙን አትኪንስ ያገኘው ከአልቪን ቶፍለር መጽሐፍ ነው፤ ማለትም ነገሩ ከመነሻው ንባብ ነበረበት። የከተማቸውን ሰው ከሥራ ያፈናቀለውን የማሽን ድምፅ ወስደው የራሳቸው አንደበት አደረጉት።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት ጄምስ ስቲንሰንና ጄራልድ ዶናልድ ድሬክሲያ በሚል ስም፣ ፊታቸውን ሳያሳዩ፣ ቃለ መጠይቅ ሸሽተው ሠሩ። በ1997 የታተመው «ዘ ክዌስት» የተባለው ስብስባቸው አንድ ተረት ይዞ ወጣ። በባሪያ መርከቦች ላይ ታመዋል፣ አስቸግረዋል ተብለው ወደ ባሕር የተወረወሩ ነፍሰ ጡር አፍሪካውያን ሴቶች ነበሩ። ጽንስ በእናቱ ማሕፀን ውኃ ውስጥ ይኖር የለ? ታዲያ እነዚያ ሕፃናት በባሕሩ ውኃ ውስጥ ተወልደው፣ እዚያው መተንፈስ ችለው፣ አገር መሥርተው ቢሆንስ ይላል ተረቱ። ሙዚቃው የዚያ አገር ድምፅ ነው። አብዛኛው ቃል የለውም። ምቱ ሰው እንደለመደው እኩል እኩል አይረግጥም፤ ይሰበራል፣ ይዘላል፣ ከሥሩ ቤዙ እንደ ማዕበል ይንከባለላል፤ ከላይ ደግሞ እንደ አረፋ የሚፈነዱ ድምፆች አሉ። እግር መሬት ሊያገኝ ይሞክራል፤ መሬት የለም።

ተከራካሪ ወዲያው «ትርጉሙን ያመጣው ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ቃል ነው እንጂ ሙዚቃው አይደለም» ይል ይሆናል። ጥሩ መከራከሪያ ነው። ሆኖም ሽፋኑ ባይኖር እንኳ ያ መሬት የማጣት ስሜት በሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ተረቱ ስም ሰጠው እንጂ አልወለደውም። ስቲንሰን በ2002 ሞተ። በ2017 ክሊፒንግ የተባለው የራፕ ቡድን ከዚያ ዓለም ተነሥቶ አንድ ዘፈን ሠራ። በ2019 ደግሞ ሪቨርስ ሰለሞን የዘፈኑን ርእስ ተውሶ «ዘ ዲፕ» የተባለውን ልብ ወለድ አወጣ። ዛሬ ልብ ወለዱን በቁም ነገር የሚያነብ የሥነ ጽሑፍ ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀው፣ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ የወለደውን መጽሐፍ ነው የያዘው። ጥቅምት 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ ከ360 በላይ ሰው፣ አብዛኛው ኤርትራዊ፣ በባሕር ቀርቷል። ወገኑን ለዚያ ባሕር የገበረ አድማጭ ድሬክሲያን «ዱም ዱም» ብሎ ለማለፍ ከሌላው ሰው የባሰ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ድግግሞሽስ? እዚህ ላይ አድልዎው ፊት ለፊት ነው የሚታየው። ስቲቭ ራይክ የተባለው አሜሪካዊ አቀናባሪ በ1970 ጋና ሄዶ ከበሮ ተማረ። በ1976 «ሙዚቃ ለ18 ሙዚቀኞች» የተባለው ሥራው ኒው ዮርክ በሚገኘው ታውን ሆል ቀረበ፤ አንድ ሰዓት ያህል የማይቋረጥ ምት፣ ጥቂት ሐረጎች እየተደጋገሙ በዝግታ የሚለዋወጡበት። ዛሬ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩታል፤ ይገባዋልም። በቀጣዩ ዓመት ጆርጂዮ ሞሮደርና ዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ»ን አወጡ፤ እሱም የማይቋረጥ ምት፣ እሱም ጥቂት ሐረግ እየተደጋገመ በዝግታ የሚለዋወጥበት። ይኸኛው ዲስኮ ተባለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቺካጎ በሚገኝ የቤዝቦል ሜዳ ላይ የዲስኮ ሸክላ ተከምሮ በፈንጂ ጋየ። በሁለቱ መካከል በእርግጥ የሥራ ልዩነት አለ። ለአንዱ ምሁራዊ ክብር፣ ለሌላው ንቀት ያተረፈለት ግን ያ የሥራ ልዩነት አይደለም። ታውን ሆል ወንበር ነበረው።

ደጋግሞ መስማትን ያልናቀ ሰው የዚህን ሙዚቃ ቅርጽ ለመከተል ብዙ አይቸገርም። ዲጄው አንዱ ሥራ እየሄደ ሳለ ሌላውን በጆሮ ማዳመጫው ብቻ ይሰማል፤ ፍጥነታቸውን ያስማማል፤ ከአንደኛው ቤዙን ቀንሶ ከሁለተኛው ያስገባል። ለጥቂት ደቂቃ ሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ሙዚቃ አየር ላይ ይቆማል፤ ከዚያች ሌሊት ውጪም የትም አይገኝም። አድማጩ የሚጠብቀውን ነገር ማዘግየት፣ ሊመጣ ነው ብሎ አስቦ ሳለ መንፈግ፣ ተስፋ ሲቆርጥ መስጠት የጥበቡ አንዱ ዋና ጉዳይ ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህንን ሲያደርግ «ልብ ሰቀላ» ተብሎ በፈተና ይጠየቃል። ዴሪክ ሜይ በ1987 «ስትሪንግስ ኦቭ ላይፍ»ን ሲሠራ ለጭፈራ የግድ ነው የሚባለውን ቤዝ ጭራሹን አላስገባበትም። ፒያኖውና ክሮቹ ሰውን አንሥተው ያንሳፍፉታል፤ የሚያሳርፈው ወለል ግን የለም። ይህ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ባለበት ደግሞ ለሐያሲ ሥራ አለ።

የወንበሩ ነገር ግን በዚህ አያበቃም። በአማርኛ «ቁም ነገር» የሚለው ቃል ራሱ ቆሞ ነው የሚገኘው፤ ተቀምጦ አይደለም። ቀልዱ ይለፍና፣ በዚህ ባህል ውስጥ ከሁሉ የከበደው የሙዚቃ ትምህርት አቋቋም ይባላል። ጎንደር በአታ ይህን ለመማር የወረደ ተማሪ ዓመታት ይፈጅበታል። ያው ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ከዚያ በመቋሚያው እየተወዛወዙ በዝማሜ፤ ቀጥሎ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ በመረግድ፤ በመጨረሻ በጽፋት ይፈጥናል። ድግግሞሽ አለ፣ ከዝግታ ወደ ፍጥነት መውጣት አለ፣ ሙሉ ሌሊት አለ፣ አካል አለ። ይህ የሚነሣው ማኅሌትን ከጭፈራ ቤት ለማስተካከል አይደለም፤ አንዱ ጸሎት ነው፣ ሌላው አይደለም። የሚነሣው አካል የገባበት ሙዚቃ አእምሮ የለውም የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ ባህል አለመውጣቱን ለማሳየት ነው። የአውሮፓ አዳራሽ ወንበር ነው ያመጣው፤ ባህሉን እንጠብቃለን የሚሉት ሰዎች ደግሞ ሳያውቁት ያንን ወንበር ነው የሚጠብቁት።

ሌላው ምንጭ ቃሉ ነው። በግእዝ «ዘፈነ» ዋና ፍቺው ጨፈረ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ዳዊት በታቦቱ ፊት፣ የሄሮድያዳ ልጅም በሄሮድስ ፊት ያደረጉት በአንድ ግስ ነው የተነገረው። ወደ ገላትያ ሰዎች በተላከው መልእክት ግን በኃጢአት ዝርዝር ውስጥ የገባው ቃል በግሪኩ የስካር ፈንጠዝያን ሲያመለክት፣ አማርኛው «ዘፋኝነት» አለው። ከዚያ በኋላ ስካሩ በነጻ ተለቀቀና ዘፈኑ ብቻ ተከሳሽ ሆኖ ቀረ። ሃይማኖት ያለውም የሌለውም አማርኛ ተናጋሪ ምሁር ይህን ፍርድ ወርሷል፤ የጸጸቱ ምክንያት ቢጠፋውም ሲጨፍር የታየ ሰው ቁም ነገረኛ አይመስለውም።

የሚገርመው ወዳጆቹ የሚያደርሱት በደል ነው። ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ያሉትን ሙዚቃ ይዘው ሲመጡ፣ የሚካኤል «ዘላለም» በ2016 ኒው ዮርክ ላይ ሲታተም፣ በ2018 ሮፍናን «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ፣ የተሰጣቸው ምስጋና ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነበር ለማለት ይቻላል፤ «ባህላችንን ከዘመናዊው ጋር አዋሐዱት»። ይህ የይቅርታ ወረቀት ነው። ማሲንቆ ስላለበት ይማርለት ማለት ነው። ማሲንቆ ማስገባት ማንም ይችላል፤ መጥፎ የሆቴል ሙዚቃም ማሲንቆ አለው። ጥያቄው ማሲንቆው ከገባ በኋላ ምን ሆነ የሚለው ነው። አንድ አዝማሪ በአንድ ትንፋሽ የተጫወተው ሐረግ ተቆርጦ፣ ተደጋግሞ፣ ዝግ ብሎ ሲመጣ ሐዘኑ ይጨምራል ወይስ ጌጥ ይሆናል? ያ አዝማሪ ስሙ ይጠቀሳል? ይከፈለዋል? የአዝማሪ ስም ስድብ ሆኖ በኖረበት አገር ይህ የጎን ጥያቄ አይደለም። አገር በመውደድ የተሞላው ምስጋና ግን ከእነዚህ አንዱንም አይጠይቅም፤ ሙዚቀኛውንም አይጠቅመውም፤ ምክንያቱም ነገ ማሲንቆ የሌለበት ሥራ ሲያወጣ እንደ ከሃዲ ይታያል።

አብዛኛው የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ ግን መጥፎ አይደለም ወይ? ነው። ትልልቅ ፌስቲቫሎች ላይ እጁን ወደ ላይ ከማንሣት የዘለለ ሥራ የሌለው ባለ ሚሊዮን ዲጄ ሞልቷል፤ ሁለት ሥራ መለየት እስኪያቅት ድረስ በአንድ ቅርጽ የተቀጠቀጠ ሙዚቃም እንዲሁ። አብዛኛው ግጥምስ? በየወሩ የሚመረቁትን የግጥም መድበሎች ያየ ሰው ስለ ብዛትና ስለ ጥራት ሌላውን ለመክሰስ አይደፍርም። መጥፎ ግጥም መጥፎ ነው የሚባለው ጥሩውን የሚለይ ሂስ ስላለ ነው። ለዚህ ሙዚቃ ያ ሂስ ስለሌለ፣ እጅ የሚያነሣውና የሚፈጥረው አብረው «ዱም ዱም» ውስጥ ተጥለዋል። አትራፊው ደግሞ እጅ የሚያነሣው ነው። ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚነሣውም እንዲሁ እውነት ያለበት ነገር ነው፤ የጃዝን ታሪክ የሚያውቅ ግን በዚህ ሚዛን አይመዝንም።

ኃይሉ መርጊያ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ ባንዱ በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ከቀሩት አንዱ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን «ሸሞንሟናዬ»ን ካሴት ቀረጸ። ካሴቱ አኮርዲዮኑን ከማሽኑ ምት ጋር ያስማማበት መንገድ እስከ ዛሬ ግራ የሚያጋባ ውበት አለው፤ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አኮርዲዮኑ ወደኋላ እያለ ይጎትተዋል፤ በመካከላቸው ያለችው ክፍተት ውስጥ ነው ስደቱ ያለው። ያንን ካሴት ባሕር ዳር ካለ ሱቅ አግኝቶ በ2013 እንደገና ያሳተመው ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ነው። በመካከል ያለው 28 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የዋሽንግተን ሐበሻ ጋዜጣ አትሟል፣ ሬዲዮ ከፍቷል፣ የሥነ ጽሑፍ ምሽት አዘጋጅቷል፣ ስለ ኪነ ጥበብ መሞት ብዙ አልቅሷል። ኃይሉ ታክሲ እየነዳ ነበር። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከኋላ ዕቃ መጫኛው አውጥቶ ይለማመድ ነበር፤ ከዚያ ታክሲ ከወረዱት መካከል ስንቱ ሐያሲ እንደነበረ የተመዘገበ ነገር የለም።